ቆሻሻ የሚበላ ዓሣ የለም

 

ባለፈው እሑድ የለጠፍኩትን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በአኳሪየሜ መስታወት ላይ የተለጣጠፉ፣ የጎመን ዘር የሚያካክሉ እንቁላሎች ናቸው። የኮሪዶራስ እንቁላሎች። ኮሪዶራስ ማለት ያ ጢም ያለው፣ ከታች አሸዋው ላይ ሲርመሰመስ የሚውለው ትንሽ ዓሣ ነው። ከኛ አምባዛ ጋር በሩቁ ይዛመዳል፤ ሁለቱም ጢማም ዓሦች ናቸው።

ከኮሜንቶቹ ግማሹ ቀልድ ነው። "ቲቸር፣ ጡረታ ወጥተው አዋላጅ ሆኑ?" ያለችኝ ልጅ አስቃኛለች፣ ተባረኪ። የቀረው ግን ጥያቄ ነው፤ ያውም አንድ ዓይነት ጥያቄ። "ይሄ ቆሻሻ የሚበላው ዓሣ አይደለም እንዴ? ይራባል እንዴ?" ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የአንዲት እናት መልእክት ነው። "እኛም ለጽዳት ብለን ሁለት ገዝተን ነበር። ግን ሦስት ወር አይቆዩም፣ ይሞታሉ። ልጄ እያለቀሰ አስቸገረኝ። ምን እናድርግ?" ትላለች።

እዚያው ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቆሻሻ በልቶ የሚኖር የአኳሪየም ዓሣ የለም። "ጽዳት" የሚለው ስም የገበያ ስም ነው። በዚህ ስም የተነሳ ስንት ዓሣ በየሰዉ ሳሎን ውስጥ፣ ሰው እያየው፣ በረሃብ ይሞታል። ይሄን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ገድያለሁ።

አዎ፣ እኔ። 31 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩት ሰውዬ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጄ ለትምህርት ወደ ውጭ ስትሄድ 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየሟን ከነጋፒዎቹ ለኔ ትታልኝ ሄደች። "አባዬ፣ አደራ" አለችኝ። አደራ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ጥቂት ወራት እንደቆየ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ታቹም ቆሸሸ። ዓሣ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ሦስት ኮሪዶራሶች በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ሰጠኝና "እነዚህ ጽዳቶች ናቸው። ምግብ አያስፈልጋቸውም፣ የተረፈውን እየለቃቀሙ ይኖራሉ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ይዤ ገባሁ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው በሁለተኛው ወር ሞተ። ሲሞት ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጢሙም አልቆ ነበር። "ውኃው አልተስማማውም" ብዬ አለፍኩት። በአራተኛው ወር ሦስቱም አለቁ። ምን አደረግኩ? ሄጄ ሌላ ሦስት ገዛሁ። እነሱም እንደዚያው ሆኑ።

አንደኛው ብቻ በሕይወት ቀርቶ እያለ ነው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ቤት የመጣው። እሱ ዓሣ ሲያረባ ዓመታት አስቆጥሯል፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር። መስታወቱን ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና "ቲቸር፣ ምን ያበሏቸዋል?" አለኝ።

"ለጋፒዎቹ ጠዋት ጠዋት ምግባቸውን እበትናለሁ። ይሄኛው ግን ጽዳት ነው፣ ምን አበላዋለሁ?" አልኩት።

ዝም አለ። ቡናውን ጠጣ። ከዚያ አንገቱን ደፋ አድርጎ "ቲቸር፣ በነፃ የሚኖር እንስሳ የለም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ እንዴ?" አለኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። ስለ ምግብና ስለ ኃይል ሳስተምር በየዓመቱ የምላት አረፍተ ነገር ናት። ሰሌዳ ላይ እጽፋታለሁ፣ ፈተና ላይም አወጣታለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ግን ረሳኋት። አንድ ሰው "ጽዳት" የሚል ስም ሲሰጠኝ ከስሙ በስተጀርባ እንስሳ መኖሩን ዘነጋሁ።

አሁን ወደ ዓሣው እንግባ። እኔ ጋ ያለው ነጠብጣብ ያለበት ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮሪዶራስ ፓሊያተስ ተብሎ ይጠራል። ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ደቡብ ብራዚል። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ሰብስቦ ከወሰዳቸው ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ ሌናርድ ጄኒንስ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1842 ስም አውጥቶ መዘገበው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ የኮሪዶራስ ወገን ተከፋፍሎ ይሄኛው ሆፕሊሶማ ተብሏል። ዓሣ የሚያረባው ሰው ግን አሁንም ኮሪዶራስ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ይሄ ዓሣ በሀገሩ የሚበላው ትላትል፣ የነፍሳት እጭና በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ነው። ጢሙ የምግብ ጣዕም መለያው ነው። አፍንጫውን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ አሸዋውን በአፉ ያስገባና በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል፣ የሚበላ ካገኘ ያስቀራል። እኛ ከላይ ሆነን ስናየው የሚጠርግ ይመስለናል። እሱ ግን ምሳውን ነው የሚፈልገው። ምሳው ከሌለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል። "እዩት፣ እንዴት ጎበዝ ሠራተኛ ነው!" የምንለው ያኔ ነው። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳልኩ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አረንጓዴውን አልጌ አይበላም። የሌላ ዓሣ ኩስም አይበላም። "የተረፈ ምግብስ?" ትሉኝ ይሆናል። ይበላል። ግን የተረፈ ምግብ ምግብ ነው፣ ቆሻሻ አይደለም። ከላይ ያሉት ጋፒዎች ሁሉንም ከጨረሱት ታች ምን ይደርሳል?

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ ለተማሪዎቼ ነው። ዓሣ የበላውን ያስወጣል፤ በስንጥቡም አሞኒያ ይለቃል። ስለዚህ "ጽዳት" ብላችሁ አንድ ዓሣ በጨመራችሁ ቁጥር አንድ ቆሻሻ የሚያወጣ እንስሳ ጨመራችሁ ማለት ነው። አኳሪየም ውስጥ እውነተኛው ጽዳት በዓይን አይታይም። ፊልተሩና አሸዋው ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ አኳሪየም ላይ እነሱ እስኪደራጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። የቀረውን ናይትሬት የሚያወጣው ማነው? ባልዲ የያዘው ሰው። በየሳምንቱ ሩብ ወይም ሲሶውን ውኃ መቀየር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። መስታወቱን የሚያጸዳውም ስፖንጅ የያዘው ሰው ነው። ከሚታዩት መሃል የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ እኛው ነን።

"ታዲያ መራባት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?" ካላችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ዓሣ በሕይወት ስላለ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። በረሃብም ወራት ይቆያል። እንቁላል ግን በረሃብ አይገኝም። እንቁላል ማለት ትርፍ ነው። ሴቷ ለራሷ ተርፏት ለልጅ የምታስቀምጠው ነው። ስለዚህ ኮሪዶራስ እንቁላል ጣለ ማለት ባለቤቱ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ፈተና አርሜአለሁ፤ እንደዚህ የማይዋሽ ፈተና አላየሁም።

ያ ተማሪዬ እየመራኝ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ የምትሞክሩት ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

በመጀመሪያ ቁጥራቸውን አስተካከልን። ኮሪዶራስ የመንጋ ዓሣ ነው፣ ብቻውን ወይ ሁለት ሆኖ አይኖርም። ለቀረው አንዱ አምስት ጓደኞች አመጣሁለትና ስድስት ሆኑ፤ ሁለት ሴት፣ አራት ወንድ። ከላይ ወደ ታች ስታዩአቸው ሴቷ ሰፋ፣ ደልደል ትላለች፤ ወንዱ ቀጠን ይላል። የሾለውን ጠጠር አውጥቼ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ደጋግሜ አጥቤ አስገባሁ። ጢማቸው የሚያልቀው በሾለና በቆሸሸ ወለል ላይ ነውና።

ከዚያ ምግብ። ወደ ታች የሚሰምጥ እንክብል ማታ፣ መብራት ካጠፋሁ በኋላ፣ ጋፒዎቹ ሲተኙ እሰጣቸዋለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ከጓሮ የመሬት ትል ቆፍሬ፣ በደንብ አጥቤ፣ በምላጭ ከትፌ። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ጓሮ ግን እንዳትወስዱ። የትሏ ነገር የተለየ ነው። ያ ሁሉ ዝምተኛ ዓሣ ትል ሲያገኝ እንደ ሕፃን ይራኮታል። በሁለት ወር ውስጥ የሴቶቹ ሆድ ሞላ።

ውኃውን በተመለከተ እኛ አዲስ አበቤዎች ሳናውቀው ዕድለኞች ነን። ይሄ ዓይነት ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል። የኔ ሳሎን ውኃ ያለ ማሞቂያ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ነው፣ ተስማምቶታል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይጨመርም። በፈረቃ የምናገኘው ውኃ ግን በየባልዲው መቀመጡ አይቀርም። ክዳኑን ከፍተን አንድ ሁለት ቀን ካሳደርነው ክሎሪኑ ይተናል። መብራት ሲጠፋም እንደ ሌላው ዓሣ ቶሎ አይጨነቅም። ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና በአንጀቱ በኩል ኦክስጅኑን ይወስዳል። በተፈጥሮ የተሰጠው ነው። ባክቴሪያዎቹ ግን ይሄ የላቸውም፤ መብራቱ ከቆየ ምግብ አለመስጠት፣ ከተቻለ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ መያዝ ጥሩ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ ሐምሌ መጣ።

በሀገራቸው የሚራቡት ብዙውን ጊዜ ዝናብ ወንዙን ሲሞላውና ሲያቀዘቅዘው ነው። ልጁ "ቲቸር፣ ክረምት እናምጣላቸው" አለኝ። አንድ ሲሶውን ውኃ ቀዳሁና ከአኳሪየሙ 3 ዲግሪ ያህል በሚቀዘቅዝ ያደረ ውኃ ቀስ እያልኩ ተካሁት። ውጭ እውነተኛው ክረምት ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ወንዶቹ ሴቶቹን ተከትለው መስታወቱን ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣሉ። ፒጃማዬን ሳልቀይር ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ሴቷ አፏን ከወንዱ ሆድ ሥር ትደግናለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ የላቲኑን "ቲ" ፊደል ይመስላሉ። ጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ሴቷ ሁለት ወይ ሦስት እንቁላል በሆድ ክንፎቿ መካከል እንደ መሐረብ ይዛ ትዞራለች፣ መስታወቱን በአፏ ትሞክርና እዚያ ትለጥፋለች። እንደገና ትመለሳለች። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ በቅርብ ዘመዱ በነሐስማው ኮሪዶራስ ላይ፣ ሴቷ የወንዱን ዘር በአፏ ውጣ፣ በአንጀቷ አሳልፋ ወደ እንቁላሎቹ እንደምታደርሰው አሳይተዋል። ይሄን ሳነብ ለስንት ዓመት "የዓሣ መራባት" ብዬ በሁለት መስመር ማለፌ ቆጨኝ። ተማሪዎቼ፣ ይቅርታ፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ አልነበረም።

ያን ቀን ከ70 በላይ እንቁላል ቆጠርኩ። አንዱም አልተረፈም።

መጀመሪያ ወላጆቹ መብላት ጀመሩ። ኮሪዶራስ እንቁላሉን አይጠብቅም። ተደናግጬ ወዲያው ላነሳቸው ስል ገና አልጠነከሩምና ፈነዱ። የተረፉትን በዕቃ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ የአየር ፓምፑ ቆመ፣ ውኃው ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ነጭ ፈንገስ እንደ ጥጥ ሸፈናቸው። ለልጄ በስልክ ስነግራት ሳቀች፤ እኔ ግን ከልቤ አዝኜ ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። አሁን ተምሬአለሁ። እንቁላሎቹ እስኪጠነክሩ ጥቂት ሰዓት ጠበቅኩና በጣቴ እያንከባለልኩ አነሳኋቸው። ከራሱ ከአኳሪየሙ ውኃ በቀዳሁበት ሰፊ ዕቃ ውስጥ፣ ቀስ የሚል አየር አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ጠዋትና ማታ ነጭ የሆነውን አንድ በአንድ አወጣሁ። ነጭ የሆነ እንቁላል አይፈለፈልም፣ ጎረቤቱን ግን ይዞ ይሄዳል። ጥሩዎቹ እየጠቆሩ ሄደው በ5ኛውና በ6ኛው ቀን ፈለቁ። ጭራ ያላቸው የዓይን ሽፋሽፍት ይመስላሉ።

ለሁለት ሦስት ቀን ከሆዳቸው ሥር ያለውን አስኳል ይመገባሉ፣ ምንም አትስጧቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጭንቁ የሚመጣው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ብዙ ሰው ይመክራል፤ ይሠራል፣ ግን የመርፌ ጫፍ ታህል ካለፈ ውኃውን ያበላሸዋል። እኔን ያወጣኝ ማይክሮዎርም ነው። በአጃ ገንፎ ላይ የሚራባ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ትል ነው፤ መነሻውን ተማሪዬ በትንሽ ብልቃጥ አመጣልኝ፣ እንደ እርሾ እየተቀባበልን ነው የምናቆየው። በየቀኑ ታች የቀረውን በሲሪንጅ እየመጠጥኩ ግማሽ ውኃ እቀይራለሁ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ዋልኩና ሳልቀይር አመሸሁ፤ በማግስቱ ብዙ ሞቶ አገኘሁ። ከ90 እንቁላል ወደ 60 ያህሉ ተፈልፍለው፣ አድገው ለወግ የበቁት 19 ናቸው። ለ19ኙም እግዚአብሔር ይመስገን።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ለመራቀቅ አይደለም። አንድ ነገር እንድታዩልኝ ነው። ያ "ምግብ አያስፈልገውም" የተባለ ዓሣ ይሄን ሁሉ ይፈልጋል። ሲያገኝ ደግሞ ይሄን ሁሉ ያደርጋል።

ጠንከር ያለ ትችትም መጥቷል። አንድ ወዳጄ "ሰው የሚበላው ባጣበት ሀገር ለዓሣ ትል መቁረጥ ቅንጦት ነው" ብሎኛል። አከብረዋለሁ፣ ነገሩም ቀላል አይደለም። መልሴ ግን ይሄ ነው፤ ማንም ዓሣ እንዲያሳድግ አላስገድድም። አቅሙም ጊዜውም ከሌለ አለመግዛት ነው፣ ምንም ነውር የለውም። ነውሩ ገዝቶ፣ መስታወት ውስጥ ዘግቶ፣ ሄዶ ራሱ እንዳይፈልግ አድርጎ፣ "እሱ አይበላም" ማለት ነው። የምንሰጠው ትል ከሰው ጉሮሮ አልተነጠቀም። ደሞ የዘጋነውን ማብላት የለመደ ልጅ ለሰው የሚጨክን አይመስለኝም።

"አምባዛን ለምን አላረባም?" ያላችሁኝም አላችሁ። አምባዛ ሲያድግ ከ1 ሜትር ያልፋል፣ ሳሎን ውስጥ አይሆንም። በማራቢያ ጣቢያዎችም ብዙ ጊዜ ሴቷ የሆርሞን መርፌ ተወግታ፣ እንቁላሏ በእጅ ታልቦ፣ ወንዱም ለዘሩ ሲባል ታርዶ ነው የሚራባው። ለምግብ ምርት ትልቅ ሥራ ነው፤ የቤት ጨዋታ ግን አይደለም።

ስለ ሌላው "ጽዳት"ም ልናገር፤ እሱ የባሰ ነው። አፉ እንደ ቬንቱዛ መስታወት ላይ የሚጣበቀው ፕሌኮ። እሱስ በእርግጥ አልጌ ይግጣል፣ ግን በዚያ ብቻ አይኖርም። ሲሸጥ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው ትልቁ ዓይነት ሲያድግ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ይሄን ግን ሲሸጥ ማንም አይነግራችሁም። ቤት ሲጠበው ባለቤቱ "ልልቀቀው፣ ነፃ ይውጣ" ብሎ ወንዝ ይወስደዋል። በሜክሲኮ፣ በፍሎሪዳ፣ በፊሊፒንስ የሆነው ይሄ ነው። ከአኳሪየም ቤትና ከማራቢያ የወጣ ፕሌኮ ተባዝቶ ዳርቻ እየቦረቦረ፣ መረብ እየቀደደ ዓሣ አጥማጁን አስለቅሷል። በደቡብ አፍሪካም ወንዝ ገብቷል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ ወገን ዓሦች አሉ። የኛን ሐይቅና ወንዝ በእንዲህ ያለ የዋህነት እንዳናበላሽ። የኔን 19 ጨምሮ የአኳሪየም ዓሣ ከአኳሪየም ወደ አኳሪየም እንጂ ወደ ወንዝ አይሄድም። ከ19ኙ 12ቱን ለሚያውቁ ሰዎች ሰጥቻለሁ፣ ከነማስጠንቀቂያው።

እና ለጻፍሽልኝ እናት። ልጅሽን "ያንተ ጥፋት አይደለም፣ የተነገረን ስህተት ነው" በይው። ሌላ ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ወር አብራችሁ ውኃ መቀየር ተለማመዱ። ከዚያ ስድስት ኮሪዶራስ ግዙ፣ ማታ ማታ የሚሰምጥ ምግብ ስጡ። የትሏን ሥራ ለልጁ ስጪው፣ ደስ ይለዋል። ዓሣ ለምትሸጡትም ልለምናችሁ፤ "ጽዳት" ማለቱን ተዉት። "ይሄ ከታች የሚበላ ዓሣ ነው፣ ምግቡም ይሄ ነው" በሉ። ምግቡንም ትሸጣላችሁ፣ ገበያው አይጎዳባችሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጽፈው አልጽፈው እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩበት።

ያ ተማሪዬ ስሙ እንዲነሳ አልፈለገም፣ አላነሳውም። አብረን እንቁላል ስንለቅም አንድ ቀን "ቲቸር፣ ከርስዎ ክፍል ምን እንደማስታውስ ያውቃሉ?" አለኝ። አንድ ጥሩ ነገር ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ሰሌዳ ማጥፋቱን" አለኝና ሳቀ።

ትዝ አለኝ። ዝምተኛ ልጅ ነበር። እጁን አያወጣም፣ ውጤቱም ከመካከለኛ በታች ነው። እኔም ምን እንደማደርገው ስላላወቅኩ ሰሌዳ አጥፊ አደረግኩት። ዓመቱን ሙሉ ስገባ "በል ተነስ" እለዋለሁ፣ ያጠፋል፣ ይቀመጣል። ሥራ የሰጠሁት፣ ያሳተፍኩት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "አንተስ ምን ይገባሃል? ምን ትወዳለህ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ያኔም ቤቱ ጋን ውስጥ ዓሣ ነበረው። ወንዝ ወርዶ ያመጣቸውን ትንንሽ ዓሦች ያሳድግ ነበር። እኔ ከፊቱ ቆሜ ስለ ዓሣ አስተምር ነበር፣ ከክፍሉ ሁሉ ዓሣ በእጁ የያዘው እሱ ብቻ ነበር፣ እኔ ግን ሰሌዳ አስጠፋው ነበር።

እሱ በቂም አይደለም ያነሳው። እየሳቀ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ይቅርታ ልጄ። ፊት ለፊት ብዬሃለሁ፣ እዚህም ልበልህ። አሁን የማስተምረው ክፍል የለኝም። ከእናንተ መካከል ግን መምህራን የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ነገ ክፍል ስትገቡ ከኋላ ያለውን ዝምተኛውን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ።

እኔ ልነሳ፣ የማታ ምግባቸው ሰዓት ደርሷል። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉ፤ እኔ ያልቻልኩትን እሱ ይመልሳል።

መልካም ሰንበት።